የአባዬ ቬስፓ ፍሬን

ባለፈው ሳምንት ላፍቶ ውስጥ አንድ ካፌ በር ላይ አሮጌ ቬስፓ ለጌጥ ቆማ አየሁ። መቀመጫዋ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውባታል። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ እሷን ሳይ ቆየሁ። እኔ እኮ ከቬስፓ ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ነፋስ ስልክ ቤታችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የአባዬ ቬስፓ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አባዬ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለው ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ያያል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ነኝ፤ ያቺን ቬስፓ አስነስቼ በሰፈሩ መንጎራደድ አማረኝ። ሰበብ አላጣሁም።

"አባዬ፣ ወር በገባ በአምስት መካኒሳ አቦ እያደረስኩህ ትሳለማለህ" አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ!

ክረምቱን ጓሮ ከረምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የጎረቤት የበቆሎ ጥብስ ከቤንዚኑ ጋር ሲሸተኝ፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እዚያው ነኝ። ካንዴላዋን ቀየርኩ፤ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ብየዳ ቤት ወስጄም በጎኗ መቀመጫና ሦስተኛ ጎማ አስገጠምኩላት። ቀለሙ የአባዬ ነው። ዱካ ላይ ተቀምጦ ሰማያዊና ነጭ ሲያደባልቅ ዋለና ዝናብ ያባራ ለታ ያለውን ሰማይ አወጣው። እማዬ ብቅ ብላ አየችን።

"ድንቄም ቀለም ቀቢ! ቤቱ እኮ ቀለም ካየ አሥር ዓመቱ ነው" አለች።

ሞተሯ የተነሳ ዕለት አባዬ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጣት። ቬስፓ ላይ ማርሹም ነዳጁም በእጅ ነው። በእግር የሚረገጠው የኋላው ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም በቀኝ እግር።

"ይኼን ፍሬን ወደ እጅ ማምጣት አይቻልም?" አለኝ። "እኔው ብነዳት።"

ይቻል ነበር። የብስክሌት ፍሬን መያዣና አንድ ሽቦ ይበቃዋል። ግን እሱ ከነዳት እኔ ምን ልሁን?

"አይቻልም፣ አባዬ" አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አለ።

ከዚያማ ሦስት ወር ነገስኩባት። በአምስት በአምስት አቦ አደርሰዋለሁ፤ የቀረው ቀን የእኔ ነው። በላፍቶ በኩል ያኔ ሁሉ እርሻ ነበር። አደዩ ፈንድቶ፣ ኋላም ጤፉ በነፋስ ተኝቶ ሲነሳ፣ በመሀሉ የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ደስታዬን አልክድም። አባዬ ግን ጎኔ ተኮራምቶ ነበር የሚቀመጠው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመልሰው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ብርዱ ቀሰቀሰኝና በመስኮት አየሁ። ጓሮው ጭጋግ ለብሷል። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ቬስፓዋ ላይ ተቀምጧል፤ ሞተሯ ጠፍቷል። ዓይኑን ጨፍኖ በግራ እጁ ማርሽ ይቀይራል፤ ኩርባ የደረሰ ይመስል መሪውን ቀስ አድርጎ ያዞራል። በአፉ የሞተሯን ድምፅ ያወጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ምሳ ሳይደርስ የእጅ ፍሬኑን ገጥሜ ጨረስኩ። አባዬ መጥቶ አዲሱን መያዣ ጨበጥ ለቀቅ አደረገው፤ ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ እስከ ጎማው ወረደ።

"ይኸው ነው?" አለኝ።

"ይኸው ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑንም ቶሎ አልነቀለብኝም። ከዚያ የጎኑን መቀመጫ አሳየኝና "ግባ" አለኝ። መካኒሳ እስክንደርስ አላናገረኝም። መንገደኛውን ሁሉ ግን በጥሩንባ ሰላም ይላል፤ ጋቢው በነፋስ እየተነሳ ፊቴን ይመታኛል።

አባዬ ሁለት ዓመት ነዳት፤ ከዚያ ሞተ። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ዛሬ በዕድሜ በልጬዋለሁ። ሰማንያ ያለፋት እማዬ ሄጄ በጠየቅኋት ቁጥር "አባትህን ከደጃፍ አንስተህ እንዳስነዳኸው፣ ከልጆችህ አግኘው" ብላ ትመርቀኛለች።

አሜን ለማለት አፌ ይተሳሰርብኛል። የሦስቱን ወር ውሸት እስካሁን አልነገርኳትም።