በሠርጌ ቀን የፈሰሰው ቤንዚን

ዛሬ ጠዋት የአማቼን ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። እዚህ ፈረንጅ አገር ኬንት የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሱሪ ሲገዛ ርዝመቱን አያይም፣ እኔ ነኝ ሁሌ የምቆርጥለት። ዓይኔ ደክሟል፣ ክር የምታስገባልኝ የልጅ ልጄ ሊያ ናት። ይኼን የምትጽፈውም እሷው ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ክሩን አስገብታልኝ ልትነሳ ስትል ከመስኮታችን ሥር አንድ ረጅም መኪና መጥቶ ፓርክ አደረገ። አሮጌ ነው፣ ግን ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ጎኑ እንጨት ይመስላል፣ ዳር ዳሩን እንደ ቁም ሣጥን ክፈፍ ተደርጎለታል። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈራችን ስኖር ስንት ዓይነት መኪና አይቻለሁ፣ ይኼን ዓይነት ግን ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላየሁም። ሱሪውን ጭኔ ላይ ጣል አድርጌ ፈዝዤ ቀረሁ።

"ግራንማ፣ ሶ ኩል" አለችኝ ሊያ፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች።

"ምኑ ነው ኩል? እኔን ስንት ዘመን አንገብግቦኛል። ተቀመጪና ጻፊ" አልኳት።

እንግዲህ ወንድሜ ታደሰ ሾፌር ነበር። ሸኖ አጠገብ መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች ካምፕ ነበራቸው፣ የአንዱን መሐንዲስ መኪና ይነዳ ነበር። ልክ እንደዚህ ያለ ስቴሽን ዋገን፣ ጎኑ እንጨት መሳይ። ያን ጊዜ ሾፌር ማለት ትልቅ ሰው ነው። አባቴ ታሞ ከተኛ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚበላው በታደሰ ደመወዝ ነበር። ታናናሾቼም ትምህርት ቤት የገቡት በዚያ ነው። እኔ ብቻ ዕድሜዬ አልፎ ነበርና ቀረሁ፣ ተዳርኩ።

ሠርጌ በጥር፣ እሑድ ቀን ነው። ባሌ የጣርማ በር ሰው ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው። ታደሰ ፈረንጁን መኪናውን ለመነው። ፈረንጁም አልከፋም፣ ሰጠው። ብቻ "ሰኞ ማለዳ ሚስቴንና ልጆቼን አውሮፕላን ጣቢያ አደርሳለሁ። እሑድ ማታ መኪናው በሬ ላይ ካልቆመ ሌላ ሥራ ፈልግ" አለው። ታደሰ ይኼን ለእኔ ብቻ ነበር የነገረኝ። እናቴ ከሰማች ሠርጉን በበቅሎ አድርጉት ትላለች ብሎ ነው።

ሊያ፣ የዛሬ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ማይክ ይዛ ትናገራለች፣ ትጨፍራለች። በኛ ጊዜ እንደሱ የለም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ከወጣች አማቷ ቤት እስክትገባ ድረስ ቃል አትተነፍስም። ካባ ከነቆቡ ይደፉብሻል፣ አንገትሽን ደፍተሽ መሄድ ነው። መንገድ ላይ የተናገረች ሙሽራ ለምትገባበት ቤት ገድ የላትም ይባላል። እናቴ ስትሸኘኝ በጆሮዬ ያለችኝ እሱን ነው፣ "አደራሽን፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

መኪናው ከኋላ አንድ ወንበር አለው፣ ፊቱን ወደ መጣሽበት ያዞረ። አቀማመጥ ላይ ክርክር ተነሳ። ከፊት ከታደሰ ጋር ሽማግሌዎቹ፣ መሀል ባሌና ሚዜዎቹ ሆኑ፣ ለእኔ የቀረው የኋላው ነው። የባሌ አክስት እትዬ ድንቄ "ሙሽራ እንዴት ወደ ኋላ እያየች ትሄዳለች?" ብላ ተቆጣች። ሌላ ቦታ ስለሌለ እየነጫነጨች እሷም ከጎኔ ገባች። ጠላው ሞቅ አድርጓት ስለነበር ደብረ ብርሃንን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከደብረ ብርሃን በኋላ ኮረት ነው። ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፣ ብርዱ በመስኮት ይገባል፣ አቧራው ደግሞ ከኋላችን ይነሳል። ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ታደሰ መሪውን ይዞ ይቀበላቸዋል። ድምፁ ያምር ነበር ነፍሱን ይማረው። በመሀል ከሥራችን ድንጋይ ኳ ብሎ መታን። ከእኔ በቀር ጉዳዬ ያለው የለም። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። በካባው ዘርፍ አጮልቄ ሳይ ከኋላችን አቧራው ላይ ጥቁር መስመር፣ እርጥብ፣ እንደ ገመድ ተከትሎን ይመጣል። ቤንዚን ነው። ታደሰ ቤት ሲመጣ ልብሱ የሚሸተውን ሽታ አጣዋለሁ?

እዚያ መስመር ላይ የማየው የወንድሜን እንጀራ ነው። እየተንጠባጠበ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እኔ አፌን ይዤ አያለሁ።

የእትዬ ድንቄን ቀሚስ ጎተትኩ። ነቃችና "አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም እናታችንን ትተን ነው የመጣን" ብላ አቅፋኝ መልሳ አንቀላፋች። በክርኔ ጎሸምኳት። ውሃ የጠማኝ መሰላትና ቅምጫናውን አፌ ላይ ደቀነችው። የመኪናውን ግድግዳ በመዳፌ መታሁት። ይኼኔ አንደኛው ሚዜ ዞር ብሎ "እዩልኝ፣ ሙሽራችን ከበሮ ትመታለች" አለና ሁሉም በጭብጨባ ደገፉኝ። ወይ ጉድ፣ ዘፈኑ ባሰ። ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ፣ አቧራ የገባብኝ መስሏቸው ዘጉት። እንባዬ መጣ። "ጎሽ፣ ሙሽራ እንዲህ ነው የምታለቅስ" አለች እትዬ ድንቄ።

ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ካባውን ገልጬ "ታደሰ፣ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። መኪናው ቆመ። ታደሰ ወርዶ በደረቱ ተኝቶ ከሥር ገባ፣ ከሙሽራ ሻንጣዬ የሽቶ ሳሙና አውጥተው ሰጡት፣ በእሱ ቀዳዳውን ደፈነው። እስከዚያ ድረስ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ወሬው የእኔ አፍ ነው። "ተናገረች" ትላለች እትዬ ድንቄ ራሷን ይዛ፣ "በመንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በጩኸት።" ሽማግሌዎቹ ወደ ታች ያያሉ። ስለ ቤንዚኑ ያነሳ የለም።

እንደገና ተነሳን። ዳገቱን ጀምረን ጥቂት እንደሄድን መኪናው ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ደርቋል። እኔን ሚዜዎቹ ተሸክመው ወሰዱኝ። ዞር ስል ታደሰ ብቻውን ሞተሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቤንዚን ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ደርሶለት ሸኖ ሲገባ ሰኞ እኩለ ቀን ሆኗል። ፈረንጁ በሌላ መኪና ሄዷል። ታደሰን ቁልፉን ተቀብለው አሰናበቱት። ታናናሾቼ ከትምህርት ቤት ወጡ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርሽ፣ በደንብ ጻፊው። በባለቤቴ አገር "ሙሽራዋ ተናግራ መኪናው ደረቀ" ተባለ። ላም ብትነጥፍ በእኔ፣ በረዶ ቢወርድ በእኔ ነው። እትዬ ድንቄ እስክትሞት ድረስ ለሰው ስታስተዋውቀኝ "ያቺ ተናጋሪዋ" ትል ነበር። ባሌ አንድ ቀን አንስቶ አልወቀሰኝም፣ አንድ ቀንም ደግፎኝ አልተናገረም። አባቴ ቤት ስመጣ ደግሞ ሌላ ነበር። ታደሰ በየዓመት በዓሉ አንድ ሁለት ከጠጣ በኋላ "ምነው እህት ዓለም፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" ይለኝ ነበር። እዚያ ለምን ተናገርሽ፣ እዚህ ለምን ዘገየሽ። በሁለቱ መሀል አረጀሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጽጌ ሥራ ጨርሳ ገባ አለች። አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ሊያ የጻፈችውን አነበበችላት። ጽጌ መሀል ላይ አልሳቀችም፣ ሌላው ሰው እዚያ ሚዜው "ከበሮ ትመታለች" ያለው ጋ ሲደርስ ይስቃል። ጨርሳ ስትሰማ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለችኝ።

"ጠይቂ።"

"ቤንዚኑ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ጌጅ እኮ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ነው ያለው። እየዘፈነ ካልሆነ በቀር እንዴት አላየውም?"