እናቴን አራተኛ ፎቅ ያወጣንበት ቀን

የቤቱ ባለቤት ልጁን ድሮ እዚያ ሊያስገባ ስለነበር ውላችንን እንደማያድስ በስልክ ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የተናገረው። ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ቤት፣ እናቴ፣ ልጄና እኔ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ምድር ቤት ስለነበር እናቴ ጉልበቷን እያመማትም በምርኩዟ ደጅ ትወጣ ነበር። ጧት ጧት ከአንዲት የሞሮኮ አሮጊት ጋር አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አትሰማም፤ ግን ሲጫወቱ ያረፍዳሉ።

እኔ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ እውልና ከሥራ ስወጣ ቤት ፍለጋ እዞራለሁ። የዕብራይስጥ አነጋገሬን ሰምተው ቤቱ ተይዟል ያሉኝ አሉ፤ በስልክ ነይ ብለው መልኬን ሲያዩ ተይዟል ያሉኝም አሉ። በመጨረሻ የተገኘው እዚያው ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት እስካገኝ ብዬ ፈረምሁ።

ታላቅ ወንድሜ ራሞት በሚባለው ሻል ያለ ሰፈር ግቢ ያለው ቤት አለው። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአጎታችን ጋር በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር። እናቴና እኔ ጎንደር ቀርተን ዓመታት ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከዚህ ለመጣ ሰው ሁሉ ፎቶውን እያሳየች አይታችሁታል ወይ ትል ነበር። ደወልሁለትና ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ እናታችን እሱ ዘንድ ትቀመጥ አልሁት። የዚህ አገር ክረምት የእኛ ዓይነት አይደለም፤ ጥር ላይ ነው ብርዱም ዝናቡም የሚጠናው። ሚስቴን ላማክር አለኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ደወለ። ከታች ያለውን ክፍል ልጆቹ እንደሚያጠኑበት፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው እንደሌለ፣ ብቻዋን ብትወድቅ ማን እንደሚያነሳት ዘረዘረልኝ። ዕቃ የምናጓጉዝ ቀን ግን ራሱ መጥቶ እንደሚያግዝ ነገረኝ።

ለእናቴ ስነግራት ልጆች ያሉት ሰው ቤቱ እንደማይበቃው ተናግራ ለእሱ ተሟገተችለት።

ቤት በቀየርንበት ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ፍራሾቹን በላስቲክ ጠቅልለናቸው ነበር፤ ቢሆንም ከጭነት መኪናው ሲወርዱ ውኃ ያንጠባጥባሉ። መንገዱ ጎርፍ ሞልቶት ሾፌሩ ቶሎ በሉ እያለ ይጨቀጭቀናል። ወንድሜ ቃሉን አክብሮ መጣ። እናቴ ዕቃው ተጭኖ እስኪራገፍ ድረስ የእሱ መኪና ውስጥ፣ በነጠላዋ ላይ የእኔን ካፖርት ደርባ ተቀምጣ ጠበቀች።

የእሷ ተራ ሲደርስ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በጀርባው አዘላት። እኔ ከኋላ፣ ልጄ ምርኩዟን ይዛ ከፊት ሆነን ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ በር ከፍታ አየችንና «ኮል ሃካቮድ»፣ ጎበዝ፣ አለችው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል ብላ መረቀችው። እሱም እያለከለከ ፈገግ አለላት።

ላይ ደርሰን ሳጥን ላይ ሲያስቀምጣት እናቴ እጁን አልለቀቀችም።

«ልጄ፣ አንተስ አወጣኸኝ» አለችው። «ማን ያወርደኛል?»

«ብርዱ ሲለቅ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እማዬ።»

ግንባሯን ስሞ ሄደ። ልጄ በዕብራይስጥ እንደማይመጣ ነገረችኝ። ዝም በይ አልኋት።

ብርዱ ለቀቀ። ለፋሲካ ከነልጆቹ መጥቶ ተጋብዞ ሄደ። እናቴ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። ምድር ቤት ፍለጋውን መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ አልፎ አልፎ ቀጠልሁበት፤ እያደር ተውሁት። ከሥራ ስመለስ እግሬ ራሱ አልታዘዝ ይለኝ ነበር።

በበጋው አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ለወንድምሽ ደውዪለት። አንድ ሳምንት ብቻ፤ መሬት ልርገጥ።»

ወጥ ቤት ገብቼ ስልኩን ያዝሁ። አልደወልሁም። ተመልሼ ሥራ ላይ ነው መሰል አያነሳም አልኋት። ሌላ ጊዜም ጠየቀችኝ፤ እንደዚያው ዋሸሁ። በሦስተኛውም ዋሸሁ። እንዳታዝን ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን ሁለተኛ እሱን መለመን ሞት መስሎ ስለታየኝ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ሳል ጠናባት። የአምቡላንስ ሰዎች ወንበር ላይ አስረው አወረዷት፤ ከሆስፒታል አልተመለሰችም።

ለቅሶው ላይ ወንድሜ እያለቀሰ፣ በዚያ ዝናብ አራት ፎቅ እንዴት አዝሎ እንዳወጣት ተናገረ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች እንድናገር ትጠብቃለች። አንገቴን ደፋሁ። የእሱን ቃል ማጠፍ ካነሳሁ የእኔንም የስልክ ውሸት ማንሳት ነበረብኝ።