የጋሼ ጢሞቴዎስ ኸላስ

አዱት ነርስ ናት። ሐኪም «ከእንግዲህ መዳኛ የለውም» ያላቸውን በሽተኞች በየቤታቸው እየዞረች ሕመማቸውን ታስታግሳለች። ይህን የሰማ ሁሉ ፊቷ ዓመቱን ሙሉ የጠቆረ ይመስለዋል። ተሳስቷል! ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ያደገች፣ በአማርኛ የምትቀልድ፣ በዲንካ የምትቆጣ፣ ስትስቅ ጎረቤት ከቤቱ የምታስወጣ ሴት ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ከጉምቦ ሰፈር ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጣ የወንዙን ድልድይ ስትሻገር ስልኳ ጮኸ። ማላኪያ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ወርቅውሃ ነበሩ።

«አዱትዬ፣ ድረሺልኝ! ጢሞቴዎስ አበቃልኝ አለ! በገዛ አንደበቱ!»

አዱት ክው አለች። የባልየውን የጋሼ ጢሞቴዎስን አማርኛ የጭንቅላት ዕጢ ጠራርጎ ወስዶታል፤ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ ለመናገር የቀረላቸው ግን በሰው አገር ሃያ ዓመት የመኪና መለዋወጫ የሸጡበት የገበያ ዓረብኛ ብቻ ነው። ወንድማቸው ባምላክ ሐሙስ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሊወስዳቸው መጥቷል። እትዬ ወርቅውሃ ደግሞ የቀሯቸውን ቀናት እዚሁ ከኔ ጋር ይሁኑ ባይ ናቸው። የእሳቸውን ፈቃድ ግን ማን ይወቅ?

ስትደርስ ግቢው በለቅሶ ቀውጢ ሆኗል። ባምላክ በስልክ ዘመድ እያረዳ ነው። መሐል ላይ ጋሼ ጢሞቴዎስ ትራስ ተደግፈው ፓፓያ ይበላሉ፤ ማን ሞቶ ይሆን በሚል ዓይን አልቃሾቹን አንድ በአንድ ያያሉ።

«ምን ብለው ጠይቀዋቸው ነው?» አለች አዱት እትዬ ወርቅውሃን።

«‹እዚሁ ከኔ ጋር ትሆናለህ አይደል?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ኸላስ› አለኝ!»

አዱት ሳቋ አመለጣት። ግድግዳ ይዛ ሳቀች፤ ቦርሳዋ ወደቀ፤ የሽሮፑ ጠርሙስ ተንከባለለ። በእትዬ ወርቅውሃ ማድ ቤት ኸላስ ማለት ወጥ አልቋል ነው። በባልየው ሱቅ ግን ዋጋው ተቆረጠ፣ ተስማማን ማለት ነው!

«ቆዩ፣ እኔ እንደ ገበያ ልከራከራቸው» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጮሌ ደንበኛ መስላ ቅንድቧን ሰቀለች። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ?»

«ማፊ!» ሰውየው እጃቸውን አወናጨፉ። የለም ማለታቸው ነው። «ማፊ፣ ማፊ!»

«እዚህ ቤት? ከእትዬ ጋር?»

ጋሼ ጢሞቴዎስ ፓፓያውን አስቀመጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው የአዱትን መዳፍ ጧ አደረጉት። «ኸላስ!»

አልቃሾቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቁ ጀመር። ባምላክ ስልኩን ሳይዘጋ ሳቀ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ዘመድ ሰውየው ያበደ መስሎት ጮኸበት። ከዚያ ባምላክ ወንድሙን ግንባሩን ሳመው። «እሺ፣ እንዳልክ» አለ።

እትዬ ወርቅውሃ እንባቸውን ጠርገው እንደ ልጃገረድ ተሽኮረመሙ። «እስኪ እኔንም ጠይቂልኝ። ገዢ ቢመጣ በስንት ይሸጠኛል?»

አዱት ወደ እሳቸው ጠቆመች። «ጋሼ፣ ይህቺስ? ብከም? በስንት?»

ጋሼ ጢሞቴዎስ ሚስታቸውን አዩ። ለዋጋ አልቸኮሉም፤ ከጸጉራቸው እስከ ጫማቸው በዓይናቸው ወረዱ፣ ደግሞ ወደ ፊታቸው ተመለሱ።

«ጋሊ» አሉ ቀስ ብለው። «ጋሊ ሸዲድ።»

«ምን አለ?»

አዱት መሳቋን ተወች። «ውድ ናት አሉ፣ እትዬ። በጣም ውድ።»

እትዬ ወርቅውሃ ቀረብ ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«እስኪ ድገሚና ጠይቂው» አሉ።