የጣቢታ ጉርድ

ጣቢታ ከሞርሲቶ ወጣ ብሎ ባለ ቀዬ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ያ አገር አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እግር ይዞ አይለቅም። ያን ጊዜ ጫማ ለአስተማሪና ለነጋዴ ካልሆነ ማን ያስበዋል? እሷም እንደ እኩዮቿ እንሰት ሥር ስትሮጥ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስትመላለስ በባዶ እግሯ ነው ያደገችው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለች ቀኝ እግሯን በጣቶቿ መሐል ያሳክካት ጀመር። ቀጥሎ ብሽሽቷ አበጠ፣ ብርድ ብርድ አላት፣ ተኛች። ስትነሳ ሌላው ሁሉ ተሽሏት እግሯ ብቻ እንዳበጠ ቀረ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አገላብጦ አየና ዝሆኔ ነው አለ። በየቀኑ ይታጠብ፣ ይሸፈን፣ አፈር አይንካው፤ ከዚህ ሌላ እኔም የምሰጣችሁ የለኝም ብሎ ሸኛቸው። እናቷ ገነቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣

"ይኼን የምናውቀው እኛ አራታችን ነን። አንቺ፣ እኔ፣ አባትሽና እህትሽ" አለቻት።

እናትየው ጨካኝ ሆና አይደለም። በዚያ አገር ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚጣራው የቤተሰቡ እግር ነው። በሽታው ከደም ይወረሳል ስለሚባል የአንዷ እግር ካበጠ የእህትማማቾቹ ሁሉ ነገር አለቀ። ታላቅየዋን ትርፊትን ደግሞ በዚያው ሰሞን ከዶዮገና ደህና ቤተሰብ ጠይቋት ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ትርፊት ናት መላውን ያመጣችው። ለሠርጓ ከተገዛላት ሰማያዊ ጨርቅ ቀደደችና በጣቢታ የዩኒፎርም ጉርድ ጫፍ ላይ ቀጠለችበት። ጉርዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ቅጥያው ከላይኛው ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ስፌቱ የሚያሳፍር አልነበረም።

እንግዲህ ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ደንቡን አጠበቀ፤ ጉርድ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም፤ ሁሉም ተማሪ እኩል ነው፤ ረጅም ቀሚስ መጎተት የድሮ ሥርዓት ነው ተባለ። ጣቢታ ግን በረጅሙ ጉርዷ መጣች። የክፍል አለቃው ብዙነህ የወጣት ማኅበሩም ሰው ስለሆነ አፉ ስል ነው።

"ጴንጤዋ መጣች" አለ በሰልፉ መሐል። "ተዉአት ትለፍ፤ ግቢውን በጉርዷ ትጥረግልን።"

ሰልፉ ሳቀ። ጣቢታ አንገቷን ደፋች፣ አልመለሰችም። ዝምታዋንም ሁሉም እንደ እሺታ ቆጠረው። የእነ ጣቢታ ጸሎት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ገበሬ ማኅበሩ ግማሹን እህል ማስቀመጫ፣ ግማሹን እስር ቤት አድርጎታል። አማኞቹ በየቤቱ እየተደበቁ ነበር የሚጸልዩት። እና የአማኝ ልጅ ቀሚሷን አላሳጥርም ስትል ሌላ ምን ይጠረጠራል? ለእምነቷ ነው አሉ። አስተማሪውም፣ ተማሪውም፣ ማኅበሩም እንዲያ አሉ።

ይባስ ብሎ አማኞቹም አመኑት። በእነ ጣቢታ ቤት ለጸሎት በተሰበሰቡ ጊዜ እትዬ ውቢት የሚባሉ አሮጊት፣ ባላቸው ስለ እምነቱ ታስሮ የሞተባቸው፣ እጃቸውን በጣቢታ ራስ ላይ ጭነው አለቀሱ።

"እኛ ትልልቆቹ ተሸማቀን አንቺ ቆምሽ። በርቺ ልጄ።"

ጣቢታ እናቷን አየች፤ እናቷ መሬት መሬት ታያለች። ጣቢታ አፈረች። ቢሆንም የአሮጊቷ እጅ ይሞቅ ነበር፤ እጁ ከራሷ ላይ እስኪነሳ ድረስ እግሯን ረስታው ቆየች።

በኅዳር አባቷን ተገኘን ገበሬ ማኅበሩ ጠራው። ልጅህን ከደንብ ውጭ የምታለብሳት በሃይማኖት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። እግሯን ታማ ነው ቢል ያሰናብቱት ነበር። እሱ ግን እምነቴን አልክድም ብሎ መለሰ። ውሸት አልተናገረም፤ የተጠየቀውንም አልመለሰም። በገዛ እጁ ሣር በከደነው ጸሎት ቤት ውስጥ ቆለፉበት።

አማኞቹ በጓሮ በኩል እየመጡ ግድግዳውን ተጠግተው ቀስ ብለው ይዘምሩለታል። ጣቢታ ቆጮ ስታደርስ ከእነሱ ድምፅ ጋር የአባቷን ሳል ትሰማለች፤ ወለሉ ርጥብ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አንድ ቀን ሰዎቹ ሲሄዱ ጠብቃ በግድግዳው ስንጥቅ፣

"አባዬ፣ ልንገራቸው?" አለችው።

"ጥር ይለፍ" አላት። "እህትሽ ትውጣ።"

ጥር አልደረሰም። ተገኘን ወደ ሆሳዕና እስር ቤት ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ መጣ። ወደ ሆሳዕና የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚያ ሳል ደግሞ መመለሱም ያጠራጥራል። ጣቢታ ለእናቷ ሳትነግር፣ ትርፊትንም ቀና ብላ ሳታይ ከቤት ወጥታ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባች።

ዲሬክተሩ ኃይለመለኮት ከሸዋ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ጣቢታ በሩን ዘጋችና ጉርዷን ሰበሰበች፤ እግሯን የጠቀለለችበትንም ጨርቅ ፈታች።

"ጋሼ፣ ለእምነት አይደለም" አለች።

ብድግ ብለው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ አሏት። አባቷን ዛሬውኑ እንደሚያስፈቱ፣ ረጅሙንም ጉርድ እንደሚፈቅዱላት ቃል ገቡ። ጣቢታ ለሰው እንዳይነገርባት ለመነቻቸው። እሳቸው እጃቸውን አሹ።

"ምክንያቱን ሳልናገር ብፈቅድልሽ ለጴንጤ አደላ ይሉኛል" አሉ በመጨረሻ። "ያኔ እኔም እንደ አባትሽ ነኝ። ልጆች አሉኝ፣ ጣቢታ።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። የዚያን ዘመን ፍርሃት ማንንም አይምርም ነበር።

በማግሥቱ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ለሰልፉ ተናገሩ። ተማሪ ጣቢታ ተገኘ ረጅም ጉርድ የምትለብሰው በሃይማኖት ሳይሆን ዝሆኔ ስላለባት ነው፣ በሕመም ምክንያት ተፈቅዶላታል፣ ማንም እንዳያስቸግራት አሉ። ማንም አላስቸገራትም። ብዙነህ እንኳ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወረወረም፤ ሲያልፍ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች ወደ ኋላ ሄደው ተጣበው ተቀመጡ። አግዳሚው ለብቻዋ ሆነ።

አባቷ በዚያው ቀን ተፈታ። ሳምንት ሳይሞላ የዶዮገናዎቹ ልጃችን ገና አልተዘጋጀም ብለው ላኩ። እትዬ ውቢት ለጸሎት መምጣታቸውን አልተዉም፤ እጃቸውን ግን ኩታቸው ውስጥ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ትርፊት ጥጥ እየፈተለች ነበር የዶዮገናዎቹ መልእክት ሲነገራት። ክሩን በጠሰችው፣ መልሳ ቀጠለችው፣ ፈተለች። ጣቢታን አልሰደበቻትም፤ ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ተገኘ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ሳለ ጣቢታ ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ጣሳውን አልመለሰላትም።

"እዚያ ሆኜ ሲዘምሩልኝ" አላት፣ "እንደዚያ እንዳልሆነ እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር።"

"እኔም፣ አባዬ" አለች።

ጣሳውን መለሰላት።

በሚያዝያ ትርፊት ሺንሺቾ ላይ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ልጆች ላሉት ጎልማሳ ተሰጠች። ሠርግ የሚባል ነገር አልተደረገም። በዓመቱ ወለደች የሚል ወሬ ሲደርስ፣ ጣቢታ ጉርዷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቅጥያውን ከስፌቱ ፈታችው። ጨርቁን አጠበች፣ አደረቀች፣ አጣጠፈች፤ ለሕፃኑ መጠቅለያ ይሁን ብላ ለገበያተኛ ሰጥታ ላከችው።

በማግሥቱ ባጠረው ጉርድ ትምህርት ቤት ሄደች። እንድትሸፍነው የተፈቀደላትን እግር ሰልፉ ሁሉ አየው። ጉርዷ እንደ ደንቡ ከጉልበቷ ትንሽ ወረድ ያለ ነበር፤ ከሌሎቹ ልጆች ጉርድ የሚለይበት ነገር አልነበረም። የረፈደባቸው ልጆች እየሮጡ መጡ። በግራም በቀኝም አጠገቧ ክፍት ቦታ እያለ፣ ወደ ኋላ ሄደው ተሰለፉ።