እናቴ የተጋበዘችበት እሑድ

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት ባዶ መስመር ነው።

የአማርኛ መምህራችን ሚያዝያ ላይ «ስለ እናታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» ብሎ አዘዘን። ያን ጊዜ እጄ ለጽሑፍ መፍታታት ጀምሮ ነበር። አምና አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ እርሳሴን አኝኬ እጨርስ የነበርኩት ልጅ፣ ዘንድሮ ብዕር ከጨበጥኩ «በቃሽ» ካልተባልኩ አልቆምም። ስለ እናቴ ቁመት ጻፍኩ። ስለ ፍንጭት ጥርሷ ጻፍኩ። የሰበታ ገበያ በርበሬ ነጋዴዎችን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ እንዴት እንደምትረታቸው ጻፍኩ። ከዚያ «እናቴ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ምግብ» ብዬ ጀመርኩና ብዕሬ ቀጥ አለ።

አላውቀውም!

የአባቴን አውቃለሁ፤ ቅቅል ነው፣ ያውም ከነቅልጥሙ። የታናሽ እህቴን አውቃለሁ፤ ጨጨብሳ ካየች ስሟንም ትረሳለች። በአክብሮት «ኦቦ» የምንላቸውን የጎረቤታችንን እንኳ አውቃለሁ፤ ገንፎ ሲሸታቸው ከአጥር ማዶ ሆነው «አካም ጅርቱ፣ ደህና አረፈዳችሁ?» ማለት ያበዛሉ። የእናቴን ግን ባስብ ባሰላስል የሚታየኝ ስታበላ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለአባቴ፣ እንግዳ ካለ ለእንግዳው፣ ቀጥሎ ለእኛ። እሷ ስትበላ ያየኋት ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ፣ ወጡ ቀዝቅዞ ዘይቱ ከረጋ በኋላ፣ እኛ የተውነውን ሰብስባ ነው።

ሄጄ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ምን ምግብ ትወጃለሽ?»

«ያገኘሁትን።»

«ከሁሉም አብልጠሽ?»

«እናንተ የተዋችሁትን» አለችና ሳቀች። «ይልቅ ተነሽ፣ እንስራው ባዶ ነው።»

መስመሯን ባዶ ትቼ ደብተሩን ሰጠሁ። መምህሩ ጥሩ ማርክ ሰጠኝ፤ ከባዶዋ መስመር አጠገብ ግን በቀይ ቀለም ትልቅ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ያ ምልክት እንደ እሾኽ ተሰክቶብኝ ከረመ።

ታዲያ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ማለፌ ሐምሌ ላይ ሲነገር አባቴ «ካለፍሽ እሸልምሻለሁ» ያለኝን ቃሉን ሊፈጽም ጠራኝ። አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቃል ከሰጠ ማኅተም የመታበት ያህል ነው። «ጫማ ነው ቀሚስ? የፈለግሽውን በይ» አለኝ። ጫማው ያምረኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ያች ባዶ መስመር ታየችኝ።

«አራታችንም አዴ ቤት ምሳ እንብላ» አልኩት።

አዴ ቤት ማለት በጅማ መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ በታች ያለው ምግብ ቤት ነው። ባለቤቲቱን ከተማው ሁሉ በክብር «አዴ» ይላቸዋል። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ አበባ ያለበት ሙሻማ ለብሰዋል፤ በር ላይ ቧንቧ የተበጀለት የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሟል። የመኪና ሾፌሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ለገበያ የመጣው ገበሬም እዚያ ይበላል። ማንም ሰው ደፍሮ የሚገባበት ቤት ነው፤ ከእናቴ በቀር ማለት ነው።

«ሴት ልጅ አደባባይ ላይ ተቀምጣ ታላምጥ?» አለች ስትሰማ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

«ግብዣው ያላንቺ አይሆንም» አልኩ።

«ደግሞስ ፍልሰታ ሊገባ አይደል?»

አባቴ በጣቱ ቆጠረና «ገና አሥር ቀን ይቀረዋል፤ በጾም አታመካኚ» አላት። «መጋረጃ ያለው ክፍል አለ። ማንም አያይሽም።»

መጋረጃው ረታት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዶፉ ሲያባራ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን፣ ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ እየዘለልን ወረድን። እናቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። ከበሩ ስትደርስ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳብ አደረገችና፣ የሰው ቤት ሌሊት እንደሚገባ ሌባ በጫማዋ ጫፍ ገባች።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ነበር። እናቴ ወንበሩን መጀመሪያ በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠች። አሳላፊው መጣ። አዲስ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ሠርቶ የመጣ ነው ይሉታል። ነጭ ኮት ለብሷል፣ ፎጣ በክንዱ ላይ አጥፏል፣ ሲናገር ትንፋሽ አይወስድም።

«ጥብስ አለ፣ ቅቅል አለ፣ ዱለት አለ፣ ፓስታ በስጎ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ።»

አባቴ ቅቅል አለ። እኔ ፓስታ አልኩ። እህቴ «እሷ ያለችውን፣ ግን ከእሷ የበለጠ» አለች። አሳላፊው ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ «እርስዎስ እመቤቴ፣ ምን ይታዘዛል?» አላት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለእኔ አይቸገሩ ወንድሜ። በልቼ ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ አገር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የመጀመሪያው «በልቼ ነው የመጣሁት» በር ማንኳኳት ነው እንጂ መልስ አይደለም። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እንዲያ ይላል፤ እናቴ «አፈር ስሆን!» ትላለች። እንግዳው «ኧረ ጠግቤ ነው» ይላል፤ እናቴ «በሞቴ!» ትላለች። በሦስተኛው እንግዳው «እንግዲህ ካላችሁ...» ብሎ እጁን ይታጠባል። ሳይለመን እጁን የሚታጠብ ሰው ወሬው ሳምንት አያርፍም።

አሳላፊው ግን ቀና አለና፣ በጣም በአክብሮት፣ «እሺ እመቤቴ» ብሎ ሄደ።

ሄደ እኮ! የእናቴ ዓይን ጀርባውን እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሸኘው።

«ምን አልሽው?» አለ አባቴ። «በልቼ? ለቅዳሴ ብለሽ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞረም!»

«ታዲያ ምን ልበለው? ሳልለመን አምጣ ልበል? ረኀብ እያባረረኝ የመጣሁ ይምሰለው?»

«ሆቴል እኮ ነው! እዚህ ማን ይለምንሻል?»

«ይኸው! እኔም ሆቴል የማልወደው ለዚህ ነው።»

አባቴ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ እጅጌውን ያዘችው። «እንዳትጠራው! በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልታስብለኝ ነው?»

ምግቡ መጣ። ሦስት ሳህን። የቅቅሉ እንፋሎት የአባቴን መነጽር ሸፈነው፤ የፓስታው ስጎ ገና ይንጫጫል። በእናቴ ፊት ግን የሙሻማው አበባ ብቻ ነበር። ወዲያው ሥራ አገኘች። የእህቴን ፓስታ በሹካ ቆራረጠችላት። የአባቴን ቅልጥም መትታ መቅኑን አወጣችለት። ከእኔ ፊት የወደቀውን ጠብታ በመሐረቧ ጠረገች። አባቴ አንድ ጉርሻ ሲሰጣት ተቀበለች፤ ሁለተኛውን መልሳ እሱን አጎረሰችው።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ከጓዳችን አውጥቼ፣ በጭቃ አስኬጄ፣ እዚህ ያመጣኋት እዚህም እንድታበላን ነው? መስመሬ ባዶ ሊቀር ነው፤ መስመሩስ ይቅር፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ፍልሰታ ይገባል፣ ክረምቱ ያልቃል፣ እኔ ለዘጠነኛ ክፍል አዲስ አበባ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። እናቴን ትኩስ ምግብ ስትበላ ሳላይ መሄዴ ነው።

«እዚህ ማን ይለምንሻል» ያለው የአባቴ ቃል በጆሮዬ ደጋግሞ መጣ። እውነት፣ ማን? አዴ ወጥ ቤት ናቸው። አሳላፊው የታዘዘውን ያደርሳል እንጂ አይለምንም። አባቴ ባሏ ነው፤ ባል ሚስቱን አይጋብዝም። ጋባዡ ማነው ታዲያ?

እኔ ነኝ! ሚኒስትሪ ያለፍኩት እኔ፣ ጫማውን የተውኩት እኔ፣ ግብዣው የእኔ!

ሰው ለምኜ አላውቅም። መለመን የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልጅ አጠገብ ቆሞ የእጅ ውሃ ይዞ ይጠብቃል። ቢሆንም ተነሣሁ፤ ጋባዥ ቁጭ ብሎ አይለምንምና።

«እማዬ» አልኩ፣ «አፈር ስሆን፣ ብዪ።»

«አንቺ! ቁጭ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«አፈር ስሆን!»

«ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ትንሽ ላላ።

የቀረችው አንዷ ናት። ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ትልልቆቹ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ልጅ ለእናቱ ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«በሞቴ!»

ምን ያህል ጮኼ እንዳልኩት እኔ እንጃ። ከመጋረጃው ማዶ የሾፌሮቹ ጨዋታ ቀጥ አለ። እናቴ በሁለት እጇ አፌን ያዘችው።

«ኧረ አፍሽ ይቆረጥ! ሞትሽን ለእኔ ያድርገው! ምን ዓይነት ቃል ነው የምታወጪው?»

ዓይኖቿ ውሃ ሞሉ። ከመጋረጃው ማዶ አንድ ወፍራም ድምፅ «እመቤቴ፣ ይብሉላት እንጂ! እኛም አብረን ለምነናል!» አለ። ሌላው «እኔ ግን ይኼን ጥብስ ሳልለመን ነው የጨረስኩት፤ ምን ልሆን ነው?» ሲል ሳቁ ቤቱን ሞላው።

እናቴም እጇን ከአፌ ላይ አነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልክ እንደ ቤታችን እንግዶች ወደ መሬት እያየች፣

«እንግዲህ... ካላችሁ» አለች።

አዴ ጫጫታውን ሰምተው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። «ማሎ፣ ኧረ በፈጠራችሁ፣ ምን ሆናችሁብኝ?» አባቴ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው ነገራቸው። አዴ ወደ አሳላፊው ዞሩ።

«አንተ! ሰው በልቼ ነው የመጣሁት ሲልህ ታምናለህ? እናት የለህም?»

«አዴ፣ አዲስ አበባ ደንበኛ ያለውን ነው የምናምነው።»

«ይኼ ሰበታ ነው!» አሉና ወደ እናቴ ጎንበስ አሉ። «በይ ነፍሴ፣ ምን ልሥራልሽ? በገዛ እጄ።»

መስመሬ ልትሞላ ነው። ክትፎ ትል ይሆን? ዱለት? እናቴ በጣቷ የሙሻማውን አበባ ዙሪያውን አስኬደችው።

«ሽሮ» አለች።

«ሽሮ!» አልኩ። «እማዬ፣ ሽሮ እኮ በየቀኑ ትሠሪያለሽ!»

«እሱስ እሠራለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የራሴን ነው የማውቀው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ሰው የሠራልኝን ሽሮ ቀምሼ አላውቅም።»

አያቴን አላውቃቸውም፤ የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። አዴ የእናቴን ትከሻ አንድ ጊዜ ነካ አደረጉና ሄዱ። የሽንኩርት ጠረን መጣ፣ ቀጥሎ የቅቤ። ከዚያ አዴ ራሳቸው ትንሽዬ የሸክላ ድስት ይዘው ወጡ። ሽሮው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦም ይንተከተካል፤ ፈንጠቅ ፈንጠቅ እያለ እናቴን ነጠላዋ ላይ ነካት።

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልማዷ ነው፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቋ ነው።

«ሳይቀዘቅዝ!» አልኳት።

ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ እፍ እፍ አለችበት፤ ግን ቸኮለችና ምላሷን አቃጠላት። «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ፍንጭቷ በጣቶቿ መካከል ታየኝ። ከዚያ ዓይኖቿን ከደነች። ሩቅ የሚሰማ ነገር እንደምታዳምጥ ሰው ቀስ ብላ አኘከች። አባቴ ቅቅሉን ረስቶ ያያታል። እህቴ እጇን ወደ ድስቷ ስትሰድድ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ያዘቻት።

«ያንቺ ፓስታ እዚያ ነው» አለቻት።

እናቴ! ከጉርሻዋ አውጥታ የምታጎርሰን እናቴ! ደስታዬ ልክ አጣ፤ ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ አባቴን መታሁት፣ እሱም መልሶ መታኝ።

ድስቷን በእንጀራ ጥርግ አድርጋ ስትጨርስ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

ዙሪያዋን አየች፣ አዴ አለመኖራቸውን አረጋገጠች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ነጭ ሽንኩርት አንሶታል» አለች። ከዚያ ሽሮ የነካውን ጣቷን ላሰችው።

ቤት እንደገባን ቀሚሴን ሳልቀይር ደብተሬን አወጣሁ። ባዶዋን መስመር ፈለግኋት፤ ቀዩ ምልክት አጠገቧ አለ። ጻፍኩ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ከኋላዬ መጥታ ቆመችና «ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?» አለች።

አነበብኩላት፦ «እናቴ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ምግብ ሌላ ሰው የሠራላት ሽሮ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ።»

ቃሉ ደብተሩ ላይ የት እንዳለ በጣቴ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። አየችው፣ አየችው።

«መልካም ነው» አለች። «የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ግን አትጻፊው፤ አዴ ከሰሙ ይቀየማሉ።»