በግራ በኩል የበራው ፍሬቻ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ የዐረፋ በዓል ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ቤቴ አዳማ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር እየጫንኩ ወደ ሐዋሳ ስመላለስ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ በመንገድ ላይ ያላየሁት ጉድ የለም። ይህኛው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ አልለቀቀኝም። ጥፋተኛ ሆኜበት አይደለም። ጥፋተኛ አለመሆኔን በሰው ፊት ስላስመሰከርኩበት ነው።

መኪና ለማይነዱ አንባቢዎች መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከፊቱ ሲሄድ፣ ከኋላ ያለው ትንሽ መኪና ወዲያ ማዶ የሚመጣውን አያይም። እኛ ደግሞ ከፍ ብለን ስለምንቀመጥ እናያለን፤ ያየነውንም እንነግረዋለን። መንገዱ ነፃ ከሆነ የቀኙን ፍሬቻ እናበራለን፤ «እለፍ» ማለት ነው። ከፊት መኪና የሚመጣ ከሆነ የግራውን እናበራለን፤ «ቆይ፣ አትውጣ» ማለት ነው። ይህን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት አያስተምርም። እኔም ረዳት ሳለሁ ከሹፌሬ ነው ያየሁት። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያለፈው ሰው ክላክስ ነካ አድርጎ ያመሰግናል፣ አለቀ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአሮጌው መንገድ ቡልቡላን አልፌ ወደ ላንጋኖ መገንጠያ እየቀረብኩ ነበር። ጭነቱ ከብዶኝ አንዲቱን ዳገት እያቃሰትኩ እወጣለሁ። ከኋላዬ ነጭ የቤት መኪና ተከትላኛለች። ነጂው ጨዋ ሰው ነው፤ አይጣደፍም፣ መብራት አይረጭብኝም፣ ርቀቱን ጠብቆ ይመጣል። በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ዒድ ጨረቃ ነው የሚታየው፤ በስፖኪዮ ደጋግሜ አየሁት።

አናቱ ላይ ልደርስ ስል ከወዲያ በኩል ድንች የጫነ አይሱዙ መስመሩን ይዞ ሲመጣ አየሁ። ከኋላዬ ላለው ሰው አስቤለት የግራ ፍሬቻዬን አበራሁ። ወዲያው ነጯ መኪና ወጣች።

«ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» አልኩ ብቻዬን። ክላክሴን ለቀቅኩት። ጎኔ ላይ ሲደርስ አራቱም ፍሬቻዎቹ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። መኪናው የተበላሸበት መሰለኝ። ፍሬን ይዤ፣ ከፊቴ እንዲገባ ብዬ፣ ወደ ቀኝ ዳር ወጣሁለት። አልገባም። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የአይሱዙው ሹፌርም እሱን ሊሸሽ ወደዚያው ዳር ወጥቶ ነበርና እዚያው ተጋጩ።

ነጂው ግንባሩ ከመድማቱ በቀር ደህና ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን አልተረፈም። አንድ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታሽጓል። ከአይሱዙው ሹፌር ጋር ሆነን አውጥተን ግራር ሥር አስተኛነው፤ እኔም መኪናዬ ውስጥ የነበረውን ሽርጤን አለበስኩት። ነጂው ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተ ነህ። እለፍ ያልከኝ አንተ ነህ» አለኝ። ድንጋጤው ነው ያናገረው ብዬ ተውኩት።

የትራፊክ ፖሊሶች መጥተው ለኩ፣ ጠየቁ። የእኔ መኪና ማንንም ስላልነካ ቃሌን ሰጥቼ ጉዞዬን ቀጠልኩ። በእኔ ቤት ነገሩ እዚያ አብቅቷል።

አላበቃም። የሟቹን ማንነት የሰማሁት በሚቀጥለው ምልልስ ነው። ከድር ይባላል፤ አርሲ ነገሌ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነበር። ይነዳ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ጀማል ነው። ጀማል ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ሠርቶ ከመጣ ገና ሳምንታት ቢሆኑት ነው። ወንድሙን አዳማ ወስዶ ዓይኑን አሳክሞት ሲመለሱ ነው ይህ የደረሰባቸው።

ከተማው ውስጥ የሚወራው ደግሞ ሌላ ነው፤ የኮንቴይነሩ ሹፌር እለፍ ብሎ ሰው አስገደለ ይባላል። ሁልጊዜ ሻይ የምጠጣበት ቤት ያለችው ሴት እንኳን ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረችብኝ። የምነዳው መኪና ባለቤት ሰምቶ፣ «ሰይድ፣ ለጊዜው መስመር ብትቀይር ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

እኔ ስሜ ሲነካ የማልወድ ሰው ነኝ። ራት አልበላም፣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሚስቴ፣ «ተወው፣ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ይበርድላቸዋል» ብትለኝ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብዬ መለስኩላት። አባባሏን ያን ሰሞን በየደረስኩበት እላት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ የላክሁት እኔው ራሴ ነኝ።

የተቀመጥነው በከድር ግቢ፣ ከእህል መጋዘኑ ፊት ለፊት ምንጣፍ ተነጥፎ ነው። እኔ ሁለት የአዳማ ሹፌሮችን አስከትዬ ሄጃለሁ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ሐጂ ገመዳ ዱዓ አድርገው ከፈቱ። የሟቹ ሚስት ፋጡማ የቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከድርን ስታገባ ጀማል ገና ልጅ ነበርና አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት አሉኝ። መጀመሪያ እንድትናገር ሲጠይቋት ብዙ አላወራችም።

«ከድርን አላህ ወሰደብኝ፤ ይሄን ልጅ ደግሞ አተረፈልኝ» አለች ወደ ጀማል እያየች። «ሁለቱንም ባጣስ ኖሮ? እኔ በማንም ላይ ነገር የለኝም።»

ጀማል ጎኗ ነበር የተቀመጠው። ከስቷል። ከለቅሶው ወዲህ እሷ ካላጎረሰችው እህል አይቀምስም ብለውኛል። ተነሥቶ ቆመ።

«ከፊቴ ከባድ መኪና ስለነበር አላይም። ወንድሜም ብርሃን ወጋኝ ብሎ ደህናውንም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይህ ሰው እለፍ ሲለኝ አምኜው አለፍኩ» አለ። «ግን አውቆ አላደረገውም። ወንድሜ ቂም አያውቅም ነበር፣ እኔም አልይዝም። ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በረጅሙ ተነፈሱ። ሐጂ ገመዳ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰይድ፣ ሰምተሃል። ተነሣና እቀፈው፤ ነገሩ እዚህ ይቀበር» አሉ።

በቃ፣ ያ ነበር። ተነሥቼ ልጁን ማቀፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያላጠፋሁትን ይቅር ሲሉኝ ግን መቀበል አቃተኝ።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቀው» አልኩ።

«ጠይቅ።»

«ጀማል፣ የትኛውን ፍሬቻ ነው ያበራሁልህ?»

አላመነታም። «የግራውን ነዋ። የግራውን አብርተህ አሳለፍከኝ፤ እኔም አመሰገንኩህ።»

«በምን አመሰገንከኝ?»

«አራቱንም አብርቼ። አላየኸኝም?»

አብረውኝ የመጡት ሹፌሮች አቀረቀሩ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ የተቀመጠ የሚኒባስ ሹፌር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የግራው እኮ አትለፍ ነው» አለ።

«እንዴት አትለፍ ይሆናል?» አለ ጀማል። «እዚያ እኮ የግራው...» ብሎ አቆመ።

ደቡብ አፍሪካ የሚነዳው በግራ ነው። የመንገዱ ዳር በግራ በኩል ስለሆነ፣ ከባድ መኪና የግራ ፍሬቻውን ሲያበራ «ዳሬን ይዣለሁ፣ እለፍ» ማለቱ ነው። ያለፈውም አራቱን ፍሬቻ ብልጭ አድርጎ ያመሰግናል። እኛ አገር በቀኝ እንደሚነዳ ጀማል ያውቃል፤ በሳምንታት ውስጥ ለምዶትም ነበር። ይህችን የሹፌር ልማድ ግን ማን ይነግረዋል? የትም አልተጻፈች። አይሱዙው ድንገት ሲመጣበትም እጁ የጠመዘዘው ለዓመታት ወደሚያውቀው ዳር ነው። እኔ ደግሞ የከፈትኩለት በቀኝ በኩል ነበር።

እነዚህን ነገሮች እዚያ ምንጣፍ ላይ ማንም ጮክ ብሎ አላስረዳም። ሁሉም በየልቡ ደረሰበት። ጀማል እጆቹን እያየ፣ «ከድር ያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከድር በዚያ መንገድ እህል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፣ እንዴት አያውቅም? ዓይኑን ባይጨፍን ኖሮ «ቆይ» ይለው ነበር።

ፋጡማ ተነሣች። ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ጀማል ዞሮ በሩን አየ፤ እኔን ግን አላየኝም።

እኔም ያን ጊዜ ተነሥቼ አቀፍኩት። አቅፌው ቀረሁ እንጂ እሱ እጁን አላነሣም።

ስንወጣ ሐጂ ገመዳ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። «እውነትህን ነው የተናገርከው» አሉኝ። «ግን በእናንተ አማርኛ፣ ዝም አይነቅዝም ትሉ የለ?» እኔም «ገላቶማ ሐጂ» ብዬ በኦሮምኛ አመስግኜ መኪናዬ ላይ ወጣሁ።

ስሜ በሳምንቱ ጠራ። ሻይ ቤት ያለችው ሴት ሳቀችልኝ፣ የመኪናው ባለቤትም መስመር ስለመቀየር ያነሣውን ነገር ተወው። የአዳማ ሹፌሮች «ሰይድን በጥያቄ አትችሉትም» እያሉ ያወሩልኛል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ወራት አልፈው አንድ ቀን ነገሌ ላይ ጎማ ሳስነፋ ወደ ከድር መጋዘን ሄድኩ። ጀማልን ሰላም ልለው ነው። መጋዘኑ ውስጥ የማላውቀው ሰው በቆሎ ይመዝናል፤ የፋጡማ ዘመድ ነኝ አለኝ። ጀማልን ስጠይቀው፣ «ተመለሰ እኮ፣ ወደዚያው ወደ ደቡብ አፍሪካ» አለ።

«ተጣሉ እንዴ?»

«ኧረ ማን ይጣላዋል? እሷ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። ምግብም በሰዓቱ ታቀርብለታለች። አብራው መቀመጥ ግን አቃታት። እሱም ይህን ሲያይ አንድ ቀን ማለዳ ሳይሰናበት ሄደ።» ዕቃውን እንኳን ሁሉንም እንዳልወሰደ ነገረኝ። መኪና መንዳትም ከዚያ ቀን ወዲህ እርም ብሎ ነበር አሉ።

አሁንም በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ። ከኋላዬ ትንሽ መኪና ሲመጣ እጄ ወደ ፍሬቻው ይሄድና ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ዳሬን ይዤ ቀስ እላለሁ፤ ሲያልፉኝ የሚሰድቡኝም አሉ። ከስድባቸው ይልቅ የሚከብደኝ አንዳንዱ አልፎኝ ሲያበቃ አራቱን ፍሬቻ ብልጭ ሲያደርግ ነው። አሁን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ልጅ ጎኔ ላይ ሆኖ፣ ወንድሙን ሊያጣ ቅጽበት ሲቀረው፣ እኔን እያመሰገነኝ ነበር።

በኋላም ይቅር ብሎኝ ነበር። ያላጠፋሁትን ይቅር ቢለኝ ከእኔ ምን ይጎድል ነበር? ሻይዋን ሌላ ቤት እጠጣት ነበር።