ሰርግ የሄደችው ቀንድ አውጣ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን፣ አምበር አጠገብ ባለው ቤታችን ማታ ማታ ተረት የምታወራልን አክስቴ ጥሩነሽ ነበረች፤ ያኔ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበን፣ እሷ ፍሙ ዳር ተቀምጣ ቀንድ አውጣ በብልቃጥ ስትከፋፍል እናያት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጣሊያን ሐኪም የትኛው ዓይነት ቀንድ አውጣ በየትኛው ወንዝ እንደሚኖር ማወቅ አምሮት፣ ከየወንዙ ለቅማ እንድታመጣለት አክስቴን ቀጠራትና በየኬላው የሚያሳልፍ ወረቀት ሰጣት። እሷ ግን በዚያ ወረቀት እየተሻገረች፣ ዓባይ በረሃ ለወረደው አርበኛ ባሏ በሶ ታደርስበት ነበር። ስትመለስ ለለቀማ ጊዜም ጉልበትም ስለማይተርፋት፣ ብልቃጡን ሁሉ ከጓሯችን ምንጭ ትሞላና «ይኼ የሙጋ፣ ይኼ የጨሞጋ፣ ይኼ የዓባይ» እያለች ታከፋፍላለች። እኛ በሳቅ ስንፈርስ፣ ቀንድ አውጣዋ የውሃ ወፍ እግር ላይ ተለጥፋ በየወንዙ ሰርግ የምትዞርበትን፣ ጠላ ጠጥታ እዚያው ወልዳ የምትቀርበትን ተረት ትጨምርልናለች።

አንድ ቀን ሐኪሙ አስተርጓሚውን አስከትሎ ከች አለና ብልቃጦቹን ደጃፋችን ላይ ደረደረ።

«ቅርፊታቸው ሁሉ ወደ ግራ የተጠማዘዘ፣ ሁሉም አንድ ዘር። ይህን ያህል ወንዝ እንዴት አንድ ዓይነት ብቻ ይኖረዋል? ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው። ሐኪሙ የኬላ ማለፊያ ወረቀቱን መልሶ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አክስቴ ወረቀቱን ልታወጣ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። እኔም በረሃ ሆኖ በሶውን የሚጠብቀው አጎቴ ታየኝ።

«ወፍ ናት የወሰደቻቸው!» አልኩ። ከዚያማ ሰርጉንም ጠላውንም ሳላስቀር ተረቱን ዘረገፍኩት። አስተርጓሚው ሳቁን እየዋጠ ተረጎመ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፣ እንደገና ጻፈ፣ ወረቀቱንም አደሰላት።

እንደሄዱ አክስቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። «አንቺ፣ ጠላውን እንኳ ብትተዪው ምናለበት!» አለችና አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዞ መጣና፣ ቀንድ አውጣ በውሃ ወፍ እግር ተለጥፋ ከውሃ ውሃ እንደምትዛመት አነበበልን። አርጅታ ምድጃ ዳር የተቀመጠችው አክስቴ ጨርሳ ሰማችና፣ «አላልኳችሁም? ያን ሰውዬ አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም» አለች።

የጓሯችንን ምንጭ ላስታውሳት አፌን ከፈትኩ። አጠገቧ ግን በሶውን በልቶ ከበረሃ የተመለሰው አጎቴ ተቀምጦ ነበርና፣ መልሼ ገጠምኩት።